የዙላ ሐዲድና የጋፋት መድፍ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ባቡር እናውራ ስንል «ባቡር ከኛ አገር ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ከወንዛዬ እስከ ጋይንት ዛሬም ሐዲድ የለም። ነገር ግን በዙላ የባሕር ጠረፍ የመጀመሪያው ሐዲድ የተዘረጋው እዚሁ ደብረ ታቦር ተቀምጠው በነበሩት ንጉሥ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን ስላሰሩ የእንግሊዝ መንግሥት ከሕንድ ጦር ላከ። መርከቦቹ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከምጽዋ በስተደቡብ ዙላ ደረሱ፤ የጥንቱ የአዱሊስ ወደብ አጠገብ ማለት ነው። አገሩ ሐሩር፣ የሚጠጣ ውኃም የሌለበት ነው። የባሕሩን ውኃ በመርከብ ላይ እያፈሉ ጨዉን ለይተው ይጠጡ ነበር። የመጣው ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም፤ 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጫኝና አገልጋይ፣ 44 ዝሆንም ሳይቀር!

ያን ሁሉ ጓዝ ከባሕሩ ዳር (ከተማዋን ማለታችን አይደለም) እስከ ተራራው ግርጌ ለማድረስ ሐዲድና ባቡር ከሕንድ አስመጡ። ጣቢያው ዙላ ላይ ሆኖ መስመሩ ወደ ኩማይሌ ተዘረጋ። ሐዲዱ ያረጀና ዓይነቱ የተዘበራረቀ ስለ ነበር ሥራው እጅግ አዘገመ። በመጨረሻ የተሠራው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከደብረ ታቦር ወረታ ካለው መንገድ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ከዚያ ወዲያ በሰንዓፌ ዳገት ያው በቅሎና ግመል፣ ለከባዱ መድፍም ዝሆን ነበር።

እንግዲህ በዚያው ጊዜ እኛ ዘንድ ምን ይሠራ ነበር? ከከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ እነ ዋልድማየር ከአገሬው ሰው ጋር ሆነው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው አፍስሰዋል። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ንጉሡ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ይህን ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሐዲድ የለ፣ ዝሆን የለ፤ ወታደሩ በገመድ እየሳበ፣ ድንጋዩ በባሩድ እየተፈነቀለ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አልፈው፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ አደረሱት። ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

በኛ አስተያየት ከሁለቱ ሥራ የሚያስደንቀው ይኸኛው ነው። ነገር ግን ለማሞገስ ብቻ አንናገር፤ ንጉሡ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነው የሄዱት። ያን መንገድ የጠረገው ድካምና ያ ቃጠሎ አብረው መነገር አለባቸው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። መድፉ እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ አለ። የዙላው ሐዲድ ግን ጦሩ ሲመለስ ተነቅሎ በመርከብ ተጭኖ ሄደ። በመሬቱ ላይ ለአገሬው የቀረለት ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች ከምጽዋ የጀመሩት መስመር በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ገባ፤ የጅቡቲውም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሁለቱም ከባሕር ተነሥተው ወደ ደጋ የወጡ ናቸው። በኛ በኩል የቀረበው ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልድያ ሐራ ገበያ የተሠራው መስመር ነው፤ እሱም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ብዙ ጉዳት ደረሰበት። ከወልድያ ወደ ወረታ ይቀጥላል ሲባል የሰማን ብዙዎች ነን። ሐዲዱ የሚመጣ ከሆነ ሴባስቶፖል ከተጎተተበት አገር ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። መድፉ ያለፈበትን ዳገትና መስክ ስሙን ከአያቶቻችሁ የሰማችሁ ካላችሁ ለማኅበሩ ጸሐፊ ንገሩልን፤ ይጻፋል። ተማሪዎችም በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ጋፋት ስለምንሄድ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ተገናኙ። ስንቅና ውኃ ያዙ፤ እዚያ የሚሸጥ የለም።