ስም የሚሠራው በብልሽት ቀን ነው



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደው አውራ ጎዳና አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ በመጀመሪያ ከሚያገኛቸው ከተሞች አንዷ አዋሽ አርባ ናት። መንገዱ ከዚያ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሎጊያና ሰመራ፣ ቀጥሎም ወደ ጋላፊ ድንበር ይዘልቃል። አዋሽ አርባ ላይ ከአንዲት ሻይ ቤት ዳስ ሥር ተቀምጦ ይህን መንገድ ለአንድ ሰዓት የሚመለከት ሰው የኢትዮጵያን ንግድ በዓይኑ ሥር ሲያልፍ ያያል። ከባዱን ጭነት የሚጎትቱት የአውሮፓና የቻይና ተሳቢዎች ናቸው። በመካከላቸው እየተሹለከለኩ ሰው ከሚያመላልሱት ሚኒባሶች፣ ከአስፋልቱ ወርደው ወደ አርብቶ አደሩ መንደር ከሚታጠፉት ፒክአፖች፣ የጤናና የእርዳታ ሠራተኞችን ከጫኑት መኪኖች ግን ብዙዎቹ በግንባራቸው የተሸከሙት አንድ ስም ነው፤ ይኸውም ቶዮታ።

ሕዝብ ለለመደው ነገር ቅጽል ስም ማውጣት ልማዱ ነው። ዶልፊን፣ አባዱላ፣ ኮብራ፣ ቪ ኤይት፣ ዲኤክስ የተባሉት ስሞች ሁሉ ከዚህ አንድ ፋብሪካ ለወጡ መኪኖች የተሰጡ ናቸው። ሾፌሩ ከመንገዱ ክብደት ይልቅ በመኪናው ስም ሲተማመን «ቶዮታ ነው፤ ምንም አይሆንም» ይላል። ይህ እምነት ከየት መጣ? ምን ያህልስ እውነት ነው? ጥያቄው ለመኪና ወዳጆች ብቻ የተተወ አይደለም። በአዋሽ ሸለቆ ቆላ ላይ መኪና ሲቆም የሚቆመው ጉዞ ብቻ ስላልሆነ፣ የምሕንድስና ባለሙያን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ስም በዚህ ሸለቆ ከጥንት ጀምሮ የኖረ አለመሆኑ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ዮሐንሰንና ባልደረባው ቶም ግሬይ በሐዳር የድንቅነሽን አጽም ባገኙበት ጠዋት ወደ ሥፍራው የሄዱት በላንድሮቨር ነበር። በዚያ ዘመን የምድረ በዳ መኪና ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ይኸው የእንግሊዝ ሥራ ነበር። የጃፓኑ መኪና ቦታውን የያዘው በአዋጅ አይደለም፤ ቀስ በቀስ፣ በየጉዞው ተፈትኖ ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ቢኬድ ስሙ ራሱ አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄደው የዚያችን አገር ሥልጣኔ በአድናቆት ሲጎበኙ፣ በጃፓን ጎዳናዎች ላይ በብዛት ይሽከረከሩ የነበሩት ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ በዮኮሃማና በኦሳካ የሚገጣጥሟቸው የአሜሪካ መኪኖች ነበሩ። የቶዮዳ ቤተሰብ በዚያ ጊዜ የሚታወቀው በመኪና ሳይሆን በሽመና መሣሪያ ነበር።

የቤተሰቡ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 ከአናጢ ቤት ተወለደ። ዕድሜውን በሙሉ የሽመና መሣሪያን ሲያሻሽል ኖሮ በ1924 ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ፍጹም መሣሪያ ሠራ። የመሣሪያው ትልቁ ብልኀት ፍጥነቱ አልነበረም። ከክሮቹ አንዱ እንኳ ቢበጠስ መሣሪያው ራሱ ይቆማል፤ የተበላሸ ሸማ ሠርቶ ከሚቀጥል ይልቅ ቆሞ ሠራተኛውን ይጠብቃል። የኋላው የቶዮታ አሠራር በሙሉ ከዚህች አንዲት አሳብ የበቀለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ስሕተት ሲታይ ሥራው ይቁም፣ ምክንያቱ ይፈለግ፣ ከዚያ ይቀጠል።

የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ በሽመና መሣሪያ ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል ያቋቋመው በ1933 ሲሆን፣ የመኪና ኩባንያው ራሱን ችሎ የቆመው በ1937 ነው። በ1935 ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው የጭነት መኪና ጂ ዋን ደካማ ነበር። በየመንገዱ ይሰበር ነበር። ኩባንያው ግን ብልሽቱን ሊሸሽገው አልሞከረም፤ ሰዎቹን መኪናው ወደ ቆመበት ይልክ፣ የተሰበረውን ይጠግን፣ የተገኘውን ጉድለት ወደ ፋብሪካው መልሶ ንድፉን ያርም ነበር።

ውድቀቱም በዚህ አላበቃም። በ1950 ኩባንያው በዕዳና በሥራ ማቆም አድማ ተጨንቆ ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኞች ሲለቁ፣ ኪይቺሮም ኃላፊነቱን ወስዶ ከሥልጣኑ ወረደ። ከጥፋት ያዳነው በዚያው ዓመት በተነሣው የኮሪያ ጦርነት ምክንያት ከአሜሪካ ጦር የመጣው የጭነት መኪና ትእዛዝ ነበር። በ1957 ወደ አሜሪካ የተላከው ክራውን የተባለ የቤት መኪና ደግሞ በዚያ አገር ፈጣን ጎዳናዎች ላይ አቅም አንሶት፣ በ1960 የቤት መኪናዎቹ መላክ እንዲቋረጥ ግድ ሆነ። በዚያ የመከራ ጊዜ የኩባንያውን ስም በውጭ አገር ያቆየው ላንድክሩዘር ነበር።

ላንድክሩዘር የተወለደው በ1951 ሲሆን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የጭነት መኪና ሞተር በትንሽ ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪና ላይ ተገጥሞለት ነበር። በዚያው ዓመት በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ወጥቶ ጉልበቱን አስመሰከረ። የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1954 ነው። ከ1960 ጀምሮ አርባ፣ ከ1984 ጀምሮ ሰባ የተባሉት ተከታታይ ዓይነቶች ወጡ። በኢትዮጵያ «ሃርድ ቶፕ» እየተባለ የሚታወቀው ከዚሁ ከሰባዎቹ ወገን ነው።

የዚህን መኪና ጠባይ ለመረዳት የአዋሽን መንገድ እንደ መፈተኛ መመልከት ይበቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ናቸው። ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር በደጋው ላይ ከሚስበው አየር አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ወደ ቆላው ሲወርድ አየሩን መልሶ ያገኛል፤ በምትኩ ግን ሙቀት ይገጥመዋል። ራዲያተር ሙቀትን የሚያስወግደው በውስጡ ባለው ውኃና በውጭው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ነው። የሞተሩ ውኃ 90 ዲግሪ ቢሆንና የደጋው አየር 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 70 ነው። የቆላው አየር 45 ዲግሪ ሲደርስ ልዩነቱ ወደ 45 ይወርዳል። ያው ራዲያተር፣ በዚያው ፍጥነት፣ የማቀዝቀዝ ኃይሉን ከሦስት እጅ አንዱን በላይ አጣ ማለት ነው። ትርፍ አቅም ሳይሰጠው የተነደፈ መኪና እዚህ ላይ ይፈላል።

የላንድክሩዘር ነዳፊዎች ያደረጉት ትርፍ አቅም መስጠት ነበር። ሻንሲው ከአካሉ ተለይቶ የቆመ ወፍራም ብረት ነው። ባሌስትራው ለምቾት ሳይሆን ለሸክም የታሰበ ነው። በ1990 የወጣው ዋን ኤች ዜድ የተባለው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ከመጠኑ አንጻር ብዙ ጉልበት አይሰጥም፤ ስለዚህም ራሱን አያስጨንቅም፣ በቀላል መሣሪያም ይጠገናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዝግታው ነው። ሞዴሉ ለዐሥርተ ዓመታት ብዙ ሳይለወጥ ስለቆየ፣ አንድ መካኒክ በወጣትነቱ የተማረው በሽምግልናውም ያገለግለዋል፤ ለአንዱ መኪና የተገዛው መለዋወጫ ለሌላውም ይሆናል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያውያን ድርሻ ይመጣል። የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ይሁን እንጂ ስሙን ከከተማ ወደ ገጠር ያደረሰው የወኪሉ ጋራዥ ብቻ አልነበረም። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያሉት የመለዋወጫ ነጋዴዎች፣ በየመንገድ ዳር ከተማው ከጌታቸው ሥር ቆመው ሙያውን የወረሱ መካኒኮች፣ ከኢጣሊያኖች የተወረሰውን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ የሚል ቋንቋ ይዘው የጃፓኑን ሞተር ፈትተው የገጠሙ እጆች ሁሉ ስሙን ሠርተውታል። በአዋሽ አርባ ወይም በሚሌ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሶ ሲነሣ፣ ምስጋናው ለፋብሪካው ብቻ ሊሰጥ አይገባም።

ክቡራን አድማጮች፤

መልካም ስም ግን ሁለት ስለት አለው። ለሠሪው ጋሻ እንደሚሆን ሁሉ ለአጭበርባሪውም መሸሸጊያ ይሆናል። በታወቀ ስም ካርቶን ተጠቅልሎ የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ኩሽኔታ፣ ከመኪናው አቅም በላይ የሚጫን ሰውና ዕቃ፣ «ቆላ ነው አያስፈልግም» ተብሎ ከሞተሩ የሚወጣ ቴርሞስታት፣ ሁሉም «ቶዮታ ነው፤ ምንም አይሆንም» በሚለው ቃል ጥላ ሥር ያድራሉ። ቴርሞስታቱ የወጣለት መኪና ወደ ደጋው ሲመለስ ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ እየሠራ ቶሎ ያረጃል። ከገዋኔ ወዲያ በቆመ አምቡላንስ ውስጥ ምጥ የያዛት እናት ብትኖር የመኪናው ስም አያዋልዳትም።

የቶዮታ መሐንዲስ ታኢቺ ኦኖ ሠራተኞቹን ለአንድ ብልሽት አምስት ጊዜ «ለምን?» ብለው እንዲጠይቁ ያስተምር ነበር። ይህን በአዋሽ መንገድ ላይ መሞከር ይቻላል። ሞተሩ ለምን ፈላ? ውኃው ስላለቀ። ውኃው ለምን አለቀ? ጎማ ቱቦው ስለተሰነጠቀ። ለምን ተሰነጠቀ? ጎማው ይህን ሙቀት የሚችል ዓይነት ስላልነበረ። ለምን ተገጠመ? ባለንብረቱ የመረጠው በዋጋ ብቻ ስለሆነ። በዋጋ ብቻ ለምን መረጠ? ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይለት ምርመራና ምልክት ስላላገኘ። በመጀመሪያው «ለምን» የሚያቆም ሰው ውኃ ጨምሮ ይሄዳል። አምስተኛው ላይ የደረሰ ግን ጉዳዩ የሾፌሩ ሳይሆን የደረጃ መዳቢው፣ የአስመጪውና የመሐንዲሱ መሆኑን ይረዳል።

ይህን ትምህርት የዘነጋ ሁሉ፣ ያስተማረው ኩባንያ ራሱ እንኳ ቢሆን፣ ዋጋውን ከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ቶዮታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለእርማት ጠርቷል። የመሥራቹ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ የኩባንያው ዕድገት ከሚገባው በላይ ሳይፈጥን እንዳልቀረ አምኗል። በ2014 ደግሞ ኩባንያው ስለ ደኅንነት ጉድለቶች ሕዝብን አሳስቷል ተብሎ በአሜሪካ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ከሁሉ የሚያስገርመው በጥር 2024 የሆነው ነው። ለአንዳንድ የሂሉክስና የላንድክሩዘር ዓይነቶች ናፍጣ ሞተር የሚሠራው እህት ኩባንያ፣ በፈረስ ጉልበት ምርመራ ጊዜ ከመደበኛው ምርት የተለየ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተጠቅሞ መገኘቱ ተገለጠና መኪኖቹን ማስረከብ ለጊዜው ተቋረጠ። ያ ኩባንያ ሳኪቺ የመሠረተው የሽመና መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ክር ሲበጠስ የሚቆመውን መሣሪያ የሠራው ቤት፣ የራሱ ክር በተበጠሰ ጊዜ ሳይቆም ቀርቶ ነበር።

በዚያው ወር፣ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ የአዋሽ መንገድ አዲስ ዘመን ጀምሯል። ወደፊት በዚህ ጎዳና የሚወጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አዲስ ስሞችን ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም የቆየውን ስም ይዘው። የቆየው ስም ግን ለአዲሱ ሥራ ዋስትና አይሆንም። ቶዮታ በ2022 ያወጣው ቢ ዜድ ፎር ኤክስ የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ገና ከመጀመሪያው የጎማ ብሎኖቹ እንዳይላሉ ተፈርቶ ለእርማት ተጠርቷል። ባትሪም እንደ ራዲያተር ሙቀቱን የሚያስወግደው ወደ ውጭ አየር ነው፤ የ45 ዲግሪው ሒሳብ ለእርሱም ይሠራል። በአዋሽ አርባና በሰመራ መካከል ለሚቆም የኤሌክትሪክ መኪና ካቻቪቴና ቁልፍ ብቻውን አይበቃውም፤ የሠለጠነ እጅ፣ መለኪያ መሣሪያና ኃይል መሙያ ይፈልጋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚወረሰው የአንድ ኩባንያ ውዳሴ ሊሆን አይገባም። ለሙያው የሚወረሰው ልማድ ነው። በየጋራዡ የብልሽት መዝገብ ይኑር፤ የቱ ክፍል፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ በምን ሙቀት፣ በምን ጭነት እንደ ተሰበረ ይጻፍ። የአዋሽ አርባው መካኒክ የሚያውቀው ነገር ወደ ኮሌጁና ወደ ደረጃ መዳቢው የሚደርስበት መንገድ ይበጅ። የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ትምህርት መኪናው ቆላው ላይ ከመቆሙ በፊት እንጂ ከቆመ በኋላ አይጀመር።

መኪና ሲሸጥ ስሙ በብር ተጽፎ ይመጣል። ያ ስም የሚጸናው ወይም የሚጠፋው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጎዳናው ዳር፣ ከቦኖው ሥር እንፋሎት ሲወጣ ነው። በዚያች ሰዓት ሰው «ምንም አይሆንም» ብሎ ውኃ ጨምሮ ይነሣል፤ ወይም ቆሞ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ሳኪቺ ቶዮዳ ይህን ሁለተኛውን ለእንጨትና ለብረት ማስተማር ችሎ ነበር። ለሰው ማስተማር የመሐንዲሶች ሥራ ሆኖ ቀርቷል።