እግርና ሥራዋ፦ ስለ አረቅጥ እንሰት ፋቂ



በአረቅጥ ደጋ እንሰት የምትፍቅ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ የግንዱን ልጣጭ በእግሯ ከሳንቃው ጋር አጣብቃ ትይዛለች፤ በእጇም በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቃለች። ይህች ሴት ከጉልበት በታች እግሯን ያጣች እንደ ሆነ፣ በተለምዶ የምትጠየቀው ምን ያህል እንደምትራመድ ነው። በአሜሪካ የተለመደው ከ0 እስከ 4 የሚቆጠር የእንቅስቃሴ ደረጃም የሚመዝነው አካሄድን እንጂ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራን አይደለም።

ሳች የሚባለው፣ ተረከዙ ለስላሳ የሆነው እግር ለሜዳ መልካም ነው። ቁርጭምጭሚቱ ስለማይታጠፍ ግን በቁልቁለት ጊዜ ሸክሙ በጉልበትና በጉቶው ላይ ይወድቃል። ከዚህም ይልቅ የሚያስቸግራት የሶኬቱ የኋላ ጠርዝ ነው፤ ከፍ ካለ ጉልበቷን አጥፋ መቀመጥ አትችልም። ጠርዙን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ (ወጪውም ኢምንት ነው) ከውድ እግር ይበልጥ ይጠቅማታል።

ጉቶው በየማታው በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ በቀን መጠኑ ሲቀንስና ሶኬቱ ሲላላ ካልሲ ይደረብ። ሶኬቱ ከወለቀ ከ10 ደቂቃ በኋላ የማይጠፋ መቅላት ከታየ ወደ ባለሙያው መመለስ ይገባል። እርሷ ግን መንገዱ ስለሚርቅ ቁስል እስኪሆን ትታገሣለች። ስለዚህ ባለሙያው በብረቶቹ መካከል ካራመዳት በኋላ፣ ገና ሳይሸኛት መሬት ላይ ያስቀምጣት፤ እግሯንም ሳንቃ ላይ አሳርፋ ትሞክር።