ቤት የእግዚአብሔር ነው
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ በሀና ማርያም የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ በጎ ፈቃድ አንድ አሥር ደቂቃ ተናገር» ሲሉኝ እሺ አልኩ። ምሳ እንደሚጠብቀን አውቃለሁ፤ አላስረዝምም። የማነሳው ነገርም ከማዕድ ብዙ አይርቅም፤ ቤት የሌለውን ሰው ስለ ማስተናገድ ነው።

አገራችን ለዚህ የቆየ ሥርዓት አላት። ገጠር ያደግን እናስታውሰዋለን። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይለዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ መደቡ ይለቀቅለታል። በሙስሊሙም ቤት እንግዳ እንዲሁ ነው የሚከበረው። ይህን ማንም በትምህርት ቤት አላስተማረንም፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት አይተን ነው ያወቅነው።

ታዲያ ከተማ ስንገባ ይህ ደግነት ወዴት ሄደ? እንደኔ የትም አልሄደም። የተለወጠው እንግዳው ነው። የገጠሩ እንግዳ ሲነጋ መርቆ መንገዱን ይቀጥላል። የከተማው እንግዳ ግን ነገም እዚያው ነው፤ ከነገ ወዲያም እዚያው ነው። ለአንድ ሌሊት የተሠራ ደግነት ለዓመት አይበቃም። የአንድ ሰው ልብ ብቻውን አይችለውም፤ ተራ ይፈልጋል።

አሁን ያለንበት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሐና እመቤታችንን የወለደቻት ከቤቷ ርቃ፣ ሊባኖስ ተራራ ላይ ነው። ግንቦት 1 ቀን ልደታን ከቤት ውጭ ንፍሮ ቀቅለን፣ ጎረቤት ተሰብስበን የምናከብረው ለዚህ ነው። ከቤቷ ውጭ በወለደች እናት ስም በሚጠራ ሰፈር እየኖርን፣ ደጅ ያደረውን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል፤ አይደል?

ተራ ሲያዝ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ መቄዶንያን ይይ። የክብር ዶ/ር ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ሲጀምር ጥቂት ሰዎችን በቤተሰቡ ቤት አስጠግቶ ነበር። ዛሬ በማዕከሉ ከጎዳና የተነሱ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በሺዎች ይቆጠራሉ። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክራቸውን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ስድስት ኪሎ የተማርን ደግሞ የማዘር ቴሬዛን እህቶች ቤት እናውቀዋለን፤ ስንቶቻችን በበሩ አልፈን ወደ ክፍል ሄደናል!

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሥራው ምን ይመስላል? ገላ ማጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ቁስል ማጠብ፣ ጥርስ ለሌለው አዛውንት እንጀራውን በወጥ አርሶ ማጉረስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ የተበላሸ አንሶላ መለወጥ። ይሄ ሁሉ ዛሬ ተሠርቶ ነገ እንደገና ይጀመራል። ምስጋናም ላይኖረው ይችላል፤ የታመመ ሰው አንዳንዴ ይሳደባል፣ ምግቡንም ይመልሳል። እንግዳ መሆኑ ግን በዚህ አይቀርም።

እኛ ደግሞ በምን ጎበዝ ነን? በበዓል! ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለልደት፣ ለሠርግ ድግስ ይዘን እንሄዳለን። ጥሩ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን በበዓል ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ማን አለ? ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲጥል፣ ልብስ አልደርቅ ሲል ማን አለ? ምግብ የሚያመጣ ሰው ከሚያጥብ ሰው ይበዛል። የጎደለው እጅ ነው፤ እሱም በየቀኑ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። አንደኛ፣ እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ እንያዝ። ጽዋ ተረኛ የሆነ ሰው «አልተመቸኝም» ብሎ አይቀርም፤ ይቀርብኛል ካለ ሰው ይተካል። በወር አንድ ግማሽ ቀን ለማንም አይከብድም። ሁለተኛ፣ የተማርነውን እናምጣ። ነርሷ ቁስል ትይ፣ አካውንታንቱ መዝገብ ይያዝ፣ የሕግ ባለሙያው አድራሻ የሌለው ሰው መታወቂያ እንዲያገኝ ቢሮ ለቢሮ ይሂድለት። ሦስተኛ፣ ስም እንጠይቅ። ሳንቲም ሰጥተን ከማለፍ «ስምዎ ማን ነው አባቴ? እንዴት አደሩ?» ማለት ይቅደም። ፎቶ ማንሳቱን ደግሞ እንተወው፤ በገዛ ቤቱ እንግዳውን ፎቶ አንስቶ የሚያሳይ ባለቤት የለም።

በሩ ላይ የተራ መመዝገቢያ ደብተር አስቀምጫለሁ። ዓምዶቹ ሦስት ናቸው፦ ስም፣ ስልክ፣ የምትችሉበት ቀን። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ እንደሚሞላ አውቃለሁ፤ እስቲ ማክሰኞን የሚወስድ ይቅደም!