ሌሊት የመጣ ትኩሳት

የደም ካንሰር ታማሚ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ሲደረግለት፣ አስቀድሞ የሚሰጠው ብርቱ መድኃኒት የራሱን መቅኔ ያጠፋዋል። አዲሱ መቅኔ ሥራ እስኪጀምር፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ነጭ የደም ሴል የለውም ማለት ይቻላል። ያኔ በገዛ አንጀቱ በሰላም ይኖር የነበረ ባክቴሪያ ወደ ደሙ ሊሻገር ይችላል።

ከኬሞቴራፒ በኋላም ይኸው አደጋ አለ። ጎንደር ታክሞ ይፋግ የተመለሰ ሰው፣ ከሳምንት በኋላ ሌሊት ብርድ ብርድ ይለዋል። መግል የለ፣ እብጠት የለ፤ መግል የሚሠራው ያ የጎደለው ነጭ ሴል ነውና። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ እባካችሁ፣ «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ አትጨምቁለት፤ ማስታገሻ ሰጥታችሁም እስኪነጋ አትጠብቁ። ሆስፒታል በር ላይ «ኬሞ ላይ ነው» በሉ፤ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።