ስለ ጎልፍ ዱላ አሰነዛዘር
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተነበበ ንግግር)



የንግግራችን ርእስ በተነገረ ጊዜ ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል፤ አልተቀየምንም። ሌሎች ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ደን ጥበቃና ስለ ጤና ሲናገሩ፣ እኛ ስለ አንዲት ትንሽ ኳስና ስለ አንድ ዱላ ለመናገር መነሣታችን ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህች ኳስ ምክንያት ስለ ሥራ አሠራርና ስለ ራሳችንም ጭምር የተማርነው ነገር ስላለ፣ ትምህርት ቤታችንን ከመሰናበታችን በፊት ለታናናሾቻችን ልንነግራቸው ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንናገር። ጎልፍ በስኮትላንድ ያደገ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1457 ዓ.ም. የስኮትላንድ ፓርላማ፣ ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን ትቶ በጎልፍና በእግር ኳስ ጊዜውን እንዳያጠፋ ሲል ሁለቱንም ጨዋታዎች ከልክሎ ነበር። ሕጉ ግን ጨዋታውን አላጠፋውም። ዛሬ በመላው ዓለም በሚሠራበት ደንብ መሠረት የኳሷ ክብደት ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ ውፍረቷም ከ42.67 ሚሊሜትር አያንስም። የምትገባበት ጉድጓድ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው። ብረቱ ኳሷን ነክቶ የሚቆየው ለሰከንድ ሁለት ሺኛ ክፍል ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሰው ዱላውን አንሥቶ ሲሰነዝር የሚያደርገው መልካምም ሆነ ክፉ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይፈረድበታል ማለት ነው።

ወደ እኛ ነገር እንመለስ። ከዚህ ትምህርት ቤት ወደ አገራቸው የተመለሱ አንድ መምህር ሰባት ያረጁ የጎልፍ ዱላዎችና ሠላሳ ያህል ኳሶች ያሉበትን ከረጢት ትተው ሄደው ነበር። ይህ ከረጢት በስፖርት ዕቃ ቤት ጥግ አቧራ ሲለብስ ከቆየ በኋላ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን አምስት ሆነን አስፈቅደን አወጣነው። ከእኛ መካከል በገና ጨዋታ ስም ያተረፉ ስለ ነበሩ፣ ሩር የመታ ሰው ይህችን ነጭ ኳስ መምታት አያቅተውም ብለን ገመትን።

ግምታችን ከንቱ ሆነ። በገና ጨዋታ ሩሯ ከመሬት ብዙ ሳትነሣ ብትሄድ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብታዘነብል ከጓደኞችህ አንዱ ይቀበልሃል። በጎልፍ ግን የሚቀበል ሰው የለም። ኳሷ ቆማ ስትጠብቅህ ትመታታለህ፤ ከሳትህም የምታሳብበው ሰው አታገኝም። በዚያ ዓመት በወላጆች ቀን በሜዳ ላይ ችሎታችንን ልናሳይ ወጥተን፣ የመጀመሪያው ጓደኛችን አፈሩን ቆፈረ፤ ሁለተኛው ነፋሱን መታ፤ የሦስተኛው ኳስ ወደ ቀኝ ተጠምዛ ከጤፉ ማሳ ገባች። ሁለቱ ሳይሞክሩ ቀሩ። አንድ አባት ከመቀመጫቸው ሆነው፣ «ልጆቼ፣ ለጉልጓሎ ከሆነ ዶማ ይሻላችኋል» ያሉት እስከ ዛሬ ይቀለድብናል።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ልምምድ ጀመርን። ሁለት ወር ሙሉ ስንደክም እጃችን ውኃ ቋጠረ እንጂ አመታታችን አልተሻለም። ምክንያቱም አንዱ ሲመታ አራቱ ይመክሩት ነበር፤ «እግርህን ክፈት»፣ «ክንድህን ዘርጋ»፣ «ራስህን አታንሣ»፣ «ቀስ በል»፣ «ኧረ ጠንከር በል»። እሱም አምስቱን ምክር ባንድ ጊዜ ለመፈጸም ሲሞክር ሁሉንም ያበላሻል። አንድ ኳስ በዕድል ቀጥ ብላ የሄደች እንደ ሆነ ደግሞ ከአምስቱ ምክር የትኛው እንደ ጠቀመ ማንም አያውቅም።

አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን በሜዳው ሲያልፉ ቆመው አዩንና፣ «በቤተ ሙከራ ውስጥ አምስት ነገር ባንድ ጊዜ ለውጣችሁ ውጤት ብታመጡ እኔ እቀበላችኋለሁን?» ብለው ጠየቁን። «አይቀበሉንም» አልን። «ታዲያ እዚህ ለምን ራሳችሁ ትቀበላላችሁ?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። የተናገሩት ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ለእኛ ግን በቃን።

ከዚያ በኋላ ሥራችንን በደንብ አደረግነው። ከቆምንበት ቦታ 80 እርምጃ ርቀን ጀምረን እስከ 120 እርምጃ ድረስ፣ ወርዱ 20 እርምጃ የሆነ ቦታ በነጭ ድንጋይ ከለልን። እያንዳንዳችን 20 ኳስ እንመታለን፤ በጠቅላላው 100 ይሆናል። በክልሉ ውስጥ ቆማ የተገኘችው ኳስ ብቻ ትቆጠራለች። ለሁለት ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን፤ ሌላው ሁሉ እንደ ነበረ ይቆያል። ውጤቱም በደብተር ይጻፋል። በመጀመሪያው ቀን ከ100 ኳስ በክልሉ የገባው 22 ነበር።

በመጀመሪያ የመረመርነው የዱላውን አያያዝ ነው። እኛ ዱላውን እንደ መጥረቢያ በመዳፋችን ጨብጠን ይዘን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1914 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የብሪታንያን ታላቅ ውድድር ስድስት ጊዜ ያሸነፈው ሃሪ ቫርደን የታወቀበት አያያዝ ግን ሌላ ነው፤ ዱላው በጣቶች ይያዝና የቀኝ እጅ ትንሽ ጣት በግራው እጅ ጣቶች ላይ ትደረባለች፤ ሁለቱ እጆች እንደ አንድ እጅ ሆነው ይሠራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ አያያዝ ከቀድሞው የባሰ ሆነብን። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቁጥሩ ከፍ አለ። ከዚህም የተረዳነው፣ አዲስ ነገር መልካም ቢሆንም እንኳ እጅ እስኪለምደው ድረስ ጥቂት ማስከፈሉ እንደማይቀር ነው። በሁለት ቀን ብንፈርድበት ኖሮ ትተነው ነበር።

ቀጥለን ኳሶቻችን ለምን ወደ ቀኝ እንደሚጠመዘዙ መረመርን። ብልሃት መስሎን ወደ ግራ ዞረን ቆመን ብንመታ ኳሷ ይብሱን ተጠመዘዘች። ነገሩ እንዲህ ነው። ኳሷ የምትነሣበትን አቅጣጫ ይበልጡን የሚወስነው ብረቱ ሲነካት ፊቱ ያየበት ወገን ነው፤ መጠምዘዟን የሚያመጣው ደግሞ ብረቱ የሚጓዝበት መንገድና ፊቱ ያየበት ወገን አለመስማማታቸው ነው። ይህንን ዛሬ በራዳር የሚለኩ መሣሪያዎች አረጋግጠውታል። እኛ ወደ ግራ በዞርን ቁጥር የዱላችን መንገድ ወደ ግራ ሄደ፤ ፊቱ ግን ወደ ቀኝ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሰፋ። በሽታውን የምናባብሰው በመድኃኒታችን ነበር ማለት ነው። ራዳር ስላልነበረን ሁለት ዘንግ በመሬት ላይ አጋድመን እግራችንንና መንገዳችንን አስተካከልን፤ የብረቱንም ፊት በጠመኔ እየቀባን ኳሷ የት እንዳረፈች ከምልክቱ አነበብን። ከጠመኔው እንዳየነው፣ መሐል ለመሐል መታነው ካልነው ውስጥ ብዙው በጫፍ የተመታ ነበር።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ አሁን የምንነግራችሁን ለመናገር አፍረን ነበር፤ ግን ያለዚህ ንግግራችን ሙሉ አይሆንም።

በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ፣ ዱላውን በዝግታ አንሥቶ የመሰንዘርን ነገር ስንመረምር፣ በደብተራችን ላይ ከ100 ኳስ 61 ገባ ብለን ጻፍን። ደስታችን ታላቅ ነበር፤ በዚህ መጽሔት ላይ እንዲወጣም አሰብን። ኳስ የሚሰበስብልን አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ይህ ልጅ ማንም ሳያዘው ለራሱ ጨዋታ ሲል ኳስ በክልሉ ውስጥ ባገኘ ቁጥር አንዲት የባቄላ ፍሬ ከቀኝ ኪሱ ወደ ግራ ኪሱ ያዛውር ነበር። ቁጥራችንን ሲሰማ፣ «እኔ ጋ 48 ነው» አለ። ከእኛ አንዱ ተቆጥቶ፣ «አንተ ምን ታውቃለህ? ኳስህን ልቀም!» አለው። ሌሎቻችን ዝም አልን። ልጁ ኳሶቹን በከረጢቱ ጨምሮ አስረከበንና ሄደ፤ በማግሥቱም አልመጣም።

ያን ዕለት ከሜዳው ስንመለስ ማንም አልተናገረም። ከእኛ መካከል ሐሰት ልጻፍ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ነገር ግን 100 እርምጃ ርቀን ቆመን በዓይን ስንቆጥር፣ በድንጋዩ አጠገብ ያረፈችውን ኳስ «ልትገባ ምንም አልቀራትም» እያልን እናስገባት ነበር። የጓደኛችንን እንዲህ ብናስገባለት እርሱም የእኛን ያስገባልናል። ከአምስታችን አንድም ተቃዋሚ ያልተገኘው አምስታችንም ተጠቃሚዎች ስለ ነበርን ነው። በማግሥቱ ገመድ ይዘን በድንጋዮቹ መካከል ወጥረን፣ አንዳችን እዚያው ቆሞ እየቆጠረ መታን። 46 ገባ። ልጁ እውነተኛ ነበር።

ስለዚህ ወደ ልጁ ክፍል ሄደን በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። የተቆጣውም ጓደኛችን፣ ዝም ያልነውም እኩል ጥፋተኞች ስለ ሆንን አምስታችንም ሄድን። ልጁ አፍሮ መሬት መሬት እያየ፣ «ነገ እመጣለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ በእርሱ እጅ ሆነ፤ የዚያ ወር ገጾችም በቀይ መሥመር ተሰረዙ። አልቀደድናቸውም፤ እንዲታዩ ተውናቸው።

ሐሰተኛ ቁጥር የሚጎዳው መታበይን ስለሚያመጣ ብቻ አይደለም። መንገድንም ያሳስታል። 61 ገብቷል ብለን ብናምን ኖሮ በዝግታ መሰንዘሩ ብቻውን በቂ ነው ብለን ባቆምን ነበር። እውነተኛው ቁጥር ግን ገና የምንመረምረው ነገር እንዳለ ነገረን።

የኳሷም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ኳስ ጉታ ፐርካ ከሚባል የዛፍ ደም ይሠራ ነበር፤ ሲሠራም ልሙጥ ነበር። ተጫዋቾች ግን ተጭራ ጠባሳ ያወጣችው አሮጌ ኳስ ከአዲሲቱ ይልቅ እንደምትበር አስተዋሉ። ሠሪዎቹም ያዩትን ሳይንቁ በኳሱ ላይ ምልክት መቀጥቀጥ ጀመሩ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዊልያም ቴይለር ዛሬ በኳሷ ላይ የምናያቸውን ትናንሽ ጎድጓዳዎች የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ጎድጓዳዎቹ አየሩ ከኳሷ ገላ ቶሎ እንዳይለይ ስለሚያደርጉ ወደ ኋላ የሚጎትታት ኃይል ይቀንሳል። ዓይናቸው ያየውን «አሮጌ ከአዲስ አይበልጥም» ብለው ቢክዱት ኖሮ ይህ ባልተገኘም ነበር።

ስለ ትዕግሥት ደግሞ አንድ ሰው እንጥቀስ። ቤን ሆገን እ.ኤ.አ. በ1912 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴክሳስ ተወለደ። በልጅነቱ አባቱ ስለ ሞተበት የሌሎችን ዱላ እየተሸከመ ገንዘብ ያገኝ ነበር። በ1930 ጨዋታውን መተዳደሪያው አደረገ፤ ነገር ግን ኳሱ ወደ ግራ እየተጠመዘዘ አስቸገረው፤ ብቻውን ተወዳድሮ ለማሸነፍ እስከ 1940 ድረስ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ሌሎች ሲያርፉ እርሱ ለረጅም ሰዓት እየመታ ያጠና ነበር። በየካቲት 1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጨና አጥንቱ ተሰባበረ፤ ዳግመኛ መራመዱም አጠራጠረ። ከ16 ወር በኋላ ግን በ1950 የአሜሪካን ታላቅ ውድድር አሸነፈ፤ በ1953ም በአንድ ዓመት ሦስት ታላላቅ ውድድሮችን አሸነፈ። ከዚያም በ1957 ያጠናውን ሁሉ በመጽሐፍ አውጥቶ ለሌላው አካፈለ።

እኛ ቤን ሆገንን አልሆንም፤ አንሆንምም። ባለፈው ወር የመጨረሻውን ቆጠራ አደረግን። ያ ልጅ በድንጋዮቹ መካከል ቆሞ፣ ገመዱ ተወጥሮ፣ ከ100 ኳስ 57 ገባ። በሐሰት ከጻፍነው ከ61 እንኳ አልደረስንም። ነገር ግን በ22 ለጀመረ ሰው 57 ትንሽ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ግን የእኛው የራሳችን ነው።

ታናናሾቻችን ሆይ! ከረጢቱን ለእናንተ ትተን እንሄዳለን። በውስጡ ሰባቱ ዱላዎች፣ የቀሩት 23 ኳሶች፣ ገመዱና ደብተሩ አሉ። ቀይ መሥመር ያለባቸውንም ገጾች አንብቧቸው። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ እስኪለመድ ታገሡ፤ የቆጠራችሁትንም ከእናንተ የሚያንስ ሰው ሲያርማችሁ ስሙት። ለጎልፍ ባትፈልጉት ለሒሳብ፣ ለእርሻ ወይም ለሕክምና ትፈልጉት ይሆናል።

በወላጆች ቀን ስለ ዶማ የመከሩን አባት ዛሬም በመካከላችን ካሉ፣ ከስብሰባው በኋላ ወደ ሜዳው ብቅ እንዲሉልን በአክብሮት እንጠይቃለን። አፈሩን እንዳንቆፍር የተቻለንን ያህል እንጠነቀቃለን።