ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየብሎኩ የሚሰማው እሮሮ አንድ ዓይነት ነው። ዛሬ የውሃ ቆጣሪ ተነቀለ፣ ነገ የመብራት ሽቦ ተቆረጠ፣ ከነገ ወዲያ ከገመድ ላይ ልብስ ጠፋ ይባላል። ወዲያውኑም ስም ይጠራል። ጥበቃው ነው፣ የቀን ሠራተኛው ነው፣ ያ ሥራ ያጣው ልጅ ነው ይባላል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው፣ ሕግ አንድን ሰው ወንጀለኛ ለማለት ምን ያህል ማስረጃ እንደሚፈልግና የማስረዳቱ ሸክም የማን እንደሆነ ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ተረታችን። ይህ በር ለሚቆልፍ ሰው ጥሩ ምክር ነው፤ ለሚፈርድ ሰው ግን አይሆንም። በድሮ ጊዜ ሌባ ሲጠፋ አገሬው በአውጫጭኝ ይሰበሰብ፣ እየማለ ያወጣጣ ነበር። ሌባው ካልተገኘ ዕዳው በሕዝቡ ላይ ይወድቅ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባልም ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። እንግዲህ ያ ባለቤት አለመስረቁን በምን ያስረዳ? አላደረግሁም ብሎ ማስረዳት እኮ ከሁሉ የከበደ ነገር ነው።

ዘመናዊው ሕግ ይህን ሸክም ከተከሳሹ ትከሻ አንሥቶ በከሳሹ ላይ ጫነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ተራውን በግልጽ አስቀምጧል። መጀመሪያ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን ያሰማል። ያ ማስረጃ ባይስተባበል እንኳ የማያስቀጣ ከሆነ በቁጥር 141 መሠረት ተከሳሹ አንድም ምስክር ሳይጠራ በነፃ ይሰናበታል። የሚያስቀጣ መስሎ ከታየ ብቻ በቁጥር 142 መሠረት ተከላከል ይባላል። ተከላከል ማለት ግን ጥፋተኛ ነህ ማለት አይደለም።

ማስረጃው የሚመዘነውም እንደ ደረጃው ነው። ፖሊስ ሰውን ለመያዝ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ይበቃዋል። ለዚያም ቢሆን በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ጥፋተኛ ለማለት ግን ምክንያታዊ ጥርጣሬ የማይተው ማስረጃ ያስፈልጋል። በገንዘብ ክርክር ሚዛኑ ወደ አንዱ ወገን ማዘንበሉ ይበቃል። በወንጀል የሚወሰደው የሰው ነፃነት በመሆኑ ሚዛኑ ይከብዳል።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ላቅርብ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተደርጓል ተብሎ ተሰረዘ፤ የተጠረጠሩ ሰዎችም ታሰሩ። ዕጣውን ለመሰረዝ አሠራሩ መታመን አለመቻሉ ይበቃል። አንድን ባለሙያ ለመቅጣት ግን እርሱ ራሱ፣ ምን፣ እንዴት፣ አውቆ እንዳደረገ መረጋገጥ አለበት። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ልዩ ሁኔታም አለ። ምንጩ ያልታወቀ ሀብት ይዟል የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ ከየት እንዳመጣው እንዲያስረዳ ይጠየቃል። በዚያም ቢሆን ሀብቱ መኖሩንና ከገቢው ጋር አለመመጣጠኑን አስቀድሞ ማሳየት ያለበት ዐቃቤ ሕጉ ነው።

ይሄ ሁሉ ለሌባ ማዘን ነው ወይ? የሚል አይጠፋም። ታሪካችንን እንመልከት። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያም በቀይ ሽብር ጊዜ በየቀበሌው በጥርጣሬና በጥቆማ ብቻ የስንቱ ልጅ ደጅ ላይ ተጣለ! ጠቋሚው እኮ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነበር። በኋላ እነ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሲከሰሱ ግን ሰነዱና ምስክሩ እየተመረመረ ከ1987 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ድረስ 12 ዓመት ያህል ፈጀ። ብዙዎች ረዘመ ብለው አማርረዋል፤ እውነትም ረዝሟል። ነገር ግን እነርሱ ለሌላው የነፈጉት ማስረጃ የመጠየቅ መብት ለእነርሱ አልተነፈገም። የሕግ ክብሩ እዚህ ላይ ነው።

በመሆኑም በመንደራችን እንዲህ እናድርግ።

ሌባ እጅ ከፍንጅ ከተያዘ ሳይደበደብና ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ይሰጥ። መደብደብ ራሱ ወንጀል ነው። በተጨማሪም በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ተቀባይነት የለውም። በዱላ ያናዘዝነው ሌባ ነገ በእኛው ጥፋት ነፃ ሊወጣ ይችላል።

ዕቃ የጠፋበት ቦታ ፖሊስ እስኪያየው አይነካካ፤ ቀኑና ሰዓቱም ይጻፍ።

ምስክር የሆነ ሰው በዓይኑ ያየውን ብቻ ይናገር። «ሲባል ሰምቻለሁ» ማለት ከወሬ አያልፍም። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ብሎ ያለፈን ጥፋት መቁጠርም የዛሬውን ስርቆት አያስረዳም።

ስሙ በጥርጣሬ የተነሣ ጥበቃ ከሥራ ሳይባረር፣ የጎረቤት ልጅም ሌባ ተብሎ ሳይጠራ ይጣራ። ቆጣሪ በገንዘብ ይተካል። የአንድ ልጅ ስም አንዴ ከጎደፈ ግን የትኛው ሱቅ ሄደን እንገዛለታለን?