ሰላምታና አጸፋው

(የተማሪዎች ማኅበር በሀና ማርያም ባደረገው ስብሰባ ላይ የተነገረ)



እንድናገርበት የተመረጠልኝ አርእስት «በመስመራዊ መኮንኖች መካከል ያለ የሰላምታ ሥርዓት» የሚል ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ ይመስላል። ምክትል መቶ አለቃው ለመቶ አለቃው፣ መቶ አለቃውም ለሻምበሉ እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ አላነሣ ምን አገባን የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ይህ ትንሽ የሚመስል ልማድ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ብዙ ደም ካፈሰሰ ነገር ጋራ የተያያዘ መሆኑን፣ ለእኛም የሚያስተምረን ነገር እንዳለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድመን ደንቡን እንመልከት። በብዙ አገሮች ጦር ዘንድ ማዕረጉ ዝቅ ያለው አስቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል፤ ከፍ ያለውም አጸፋውን ይመልሳል። የበታቹ አጸፋው እስኪመለስለት ድረስ እጁን አያወርድም። ሁለቱ በማዕረግ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ፣ ቀድሞ የተሾመው እንደ ታላቅ ይቈጠራል። ሰላምታውም የሚሰጠው ለሰውየው መልክና ዕድሜ ሳይሆን ለተሰጠው ሹመት ነው። ስለዚህ ትናንት ከትምህርት ቤት ለወጣ የሃያ ሁለት ዓመት ምክትል መቶ አለቃ፣ ጠጕሩ የሸበተ ሻለቃ ባሻ አስቀድሞ ሰላምታ ይሰጠዋል። ይህን እንደ ግፍ የሚያየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የማዕረጎቻችንን ስም ልብ ብለን ብንመረምረው ምክንያቱ ይገለጥልናል። የመቶ አለቃ ማለት የመቶ ሰው አለቃ፣ ሻለቃ ማለት የሺህ አለቃ ነው። እንግዲህ ማዕረጉ በሹሙ እጅ ስንት ነፍስ በአደራ እንደ ተቀመጠ ይናገራል። እጅ የሚነሣውም ለዚያ አደራ ነው።

በመስመራዊ መኮንኖች መካከል ግን ልማዱ በየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ ጦር ልማድ ከሻለቃ በታች ያሉት መኮንኖች፣ በሰልፍ ላይ ካልሆነ ወይም አንዱ የሌላው አዛዥ ካልሆነ በቀር፣ ብዙውን ጊዜ እርስ በርሳቸው ሰላምታ አይሰጣጡም፤ እንደ ወንድማማች ይቈጠራሉ። የአሜሪካ ደንብ ግን ዝቅተኛው መኮንን ከእርሱ ከፍ ላለው መኮንን ሁሉ ሰላምታ እንዲሰጥ ያዛል። አሰጣጡም ቢሆን አንድ አይደለም፤ የእንግሊዝ ምድር ጦር መዳፉን ወደ ፊት ገልጦ ሲያሳይ፣ አሜሪካዊው መዳፉን ወደ ታች ይመልሳል።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ጦር ከእነዚህ ሁሉ ተምሯልና። በ1927 ዓ.ም. የሆለታውን የጦር ትምህርት ቤት ያቋቋሙት የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ ከ1934 እስከ 1943 ዓ.ም. የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ጦሩን አሠለጠነ። ክቡር ዘበኛን እንደ ገና ስዊድኖች አስተማሩ። ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ አሜሪካኖች መጡ፤ የሐረርን ጦር አካዳሚ ደግሞ የሕንድ መኮንኖች አቋቋሙት። እንግዲህ በአንድ ባንዲራ ሥር ያሉ መኮንኖች በተለያየ አስተማሪ ሥር ማደጋቸውን አስቡ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመርጦ በሐረር ሦስት ዓመት የተማረው ወጣት፣ ከተራ ወታደርነት በሥራው ወደ መኮንንነት ከደረሰው ሰው ጋራ በአንድ ሻለቃ ጦር ውስጥ ሲገናኝ፣ በትከሻቸው ላይ ያለው ኮከብ እኩል ቢሆንም በልባቸው ያለው ሚዛን እኩል አልነበረም። አንዱ በትምህርቱ ሲመካ ሌላው በአገልግሎቱ ይመካ ነበር። ደንቡ «እጅህን አንሣ» ሊል ይችላል፤ «አክብር» ብሎ ሊያዝ ግን አይችልም።

ታዲያ አክብሮት ከምን ይመጣል? መልሱን ፍለጋ ወደ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልገንም። በዚህ በሀና ማርያምም ሆነ በሌላ የአገራችን ቦታ፣ ሽማግሌ ወደ ተቀመጥንበት ሲገቡ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን «ኖር» እንላለን። ሽማግሌውም «በእግዜር» ብለው ይመልሱልናል፤ እንድንቀመጥም ይለምኑናል። ነገሩ በሁለት ወገን የቆመ ነው። ሽማግሌው አንድ ቀን ዝም ብለው ቢያልፉ የተነሣው ሁሉ ያፍራል። በሁለተኛው ቀን ግማሹ ብቻ ይነሣል። በሦስተኛው ቀን የሚነሣ አይገኝም። የወታደር ሰላምታም ሕይወቱ በአጸፋው ነው። የበታቹ ሲሰጥ «ትእዛዝህን እቀበላለሁ» ማለቱ ነው፤ የበላዩ ሲመልስ «አይቼሃለሁ፣ አደራህ በእኔ ላይ ነው» ማለቱ ነው። ሁለተኛው ቃል የጐደለ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ባዶ ይሆናል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ነገሌ ቦረና ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው ጦር ዐመፀ። ወታደሮቹ የሚጠጡት ውሃ የሚወጣበት ሞተር ተበላሽቶ ነበር፤ ከመኮንኖቹ ውሃ ለመቅዳት ቢጠይቁ ተከለከሉ። መኮንኖቻቸውን ያዙ፤ ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ አደረጓቸው። በነገሌ የሰላምታ ደንብ ጠፍቶ አልነበረም። የጠፋው አጸፋው ነው። በዚያ በረሓ አጸፋ ማለት አንድ ባልዲ ውሃ ነበር፤ እርሱ ስለ ተከለከለ ዐመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ዙፋኑ ተነቃነቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ደርግ አባሎቹ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ያሉ ነበሩ። ሊቀ መንበርነቱ ግን ለጄኔራሎች ተሰጠ። ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገደሉ። የተተኩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ከሌሎች የደርግ አባሎች ጋራ ተገደሉ፤ ደርግ ሲቋቋም ሻለቃ የነበሩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ጠቀለሉት። ማዕረጉ በላይ፣ ኃይሉ በታች በሆነበት ቤት ሰላምታ ምን ትርጕም አለው? ከላይ ወደ ታች አጸፋ ባለመመለሱ የተነሣው ጦር፣ በመጨረሻ ከታች ወደ ላይም አክብሮት የማያውቅ ሥርዓት ወለደ። ዋጋውንም የከፈለው ሕዝቡ፣ ከሁሉም አብልጦ የእኛ ዕድሜ የነበረው ወጣት ነው።

«እንግዲያውስ ሰላምታን ጨርሶ ማስቀረት ነው» የሚል ወንድም ይኖራል። ይህም ተሞክሯል። በ1917 እ.ኤ.አ. የፔትሮግራድ ሶቪየት ባወጣው የመጀመሪያው ትእዛዝ፣ ወታደር ከሥራ ሰዓት ውጭ ለመኮንን ሰላምታ የመስጠት ግዴታው ቀረ፤ መኮንንም ወታደሩን «አንተ» እያለ እንዳይጠራ ተከለከለ። ሆኖም ያው የሶቪየት ጦር በ1935 እ.ኤ.አ. የመኮንኖችን ማዕረግ መልሶ አቆመ። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት የኢሕአዴግ ተዋጊዎችም በትከሻቸው ማዕረግ አልነበረም፤ በኋላ ግን ማዕረግ ተሰጣቸው። ከዚህ የምንማረው ብዙ ሰው በአንድነት የሚሠራበት ቦታ ማን ለማን ኃላፊ እንደ ሆነ የሚታይበት ምልክት እንደሚያስፈልገው ነው። በሩስያው ትእዛዝ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን የሰላምታው መቅረት ሳይሆን የ«አንተ» መከልከሉ ነው። ወታደሮቹ እንደ ሰው መጠራትንም ጠይቀው ነበርና።

ጓደኞቼ! እኛም በትከሻችን ላይ ኮከብ ባንለጥፍ ማዕረግ አለን። አራተኛ ዓመት ከአንደኛ ዓመት ይበልጣል፤ መምህር ከረዳት መምህር ይበልጣል። የበር ዘበኛውና ምግብ አብሳይዋ በየጧቱ «እንደምን አደራችሁ» ይሉናል። ከመካከላችን ስንቱ ቀና ብሎ ይመልሳል? አዲስ የገባው ተማሪ መንገድ ሲጠይቅ በሣቅ የምንሸኘው ስንት ጊዜ ነው? መምህሮቻችንም ቅር አይበላችሁ፤ በአዳራሹ በር ተነሥቶ የሚያሳልፋችሁን ተማሪ በራስ ንቅናቄ እንኳ ሳትመልሱለት የምታልፉበት ቀን አለ።

ይህ ነገር ከግቢያችን ወጥቶ ይከተለናል። ነገ ተመርቀን ከወንበር ስንቀመጥ፣ ባለጉዳይ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ እጅ ነሥቶ በፊታችን ይቆማል። ያ ሰው የሚሰጠን ሰላምታ ለእኛ ለራሳችን አይደለም፤ ሕዝብ በእጃችን ላስቀመጠው አደራ ነው። ዓይናችንን ከወረቀቱ ሳናነሣ «ነገ ተመለስ» ያልነው ቀን፣ እኛም በነገሌ ውሃውን የከለከሉትን መኮንኖች ሆነናል ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ አንድ ነገር እንድናደርግ እለምናችኋለሁ። የበታች አስቀድሞ እንዲሰጥ ደንብ አለ፤ የበላይ አስቀድሞ እንዳይሰጥ የሚከለክል ደንብ ግን የለም። ታላላቆች፣ እናንተ ጀምሩ። ሰላምታ የበታች ግዴታ ከሆነ አጸፋው የበላይ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን የማይከፍል ደግሞ ሁለተኛ ብድር አያገኝም።